አስቸኳይ! ዓመታዊ ሪፖርት ነገ ጠዋት ነው፤ ኮምፒውተሩ የዓመቱን የመጽሐፍ ውሰት 412 ብቻ ይላል

ተረኛዋ፦
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ ድረሱልኝ። የቤተ መጻሕፍታችን ዓመታዊ ሪፖርት ነገ ጠዋት ለቦርዱ ይቀርባል። የዓመቱን ውሰት ላወጣ ብል 412 ብቻ ነው የሚለኝ! አምና ከ19 ሺህ በላይ ነበር። የሚገባውን ሰው የሚቆጥረው የበሩ ቆጣሪም ከዓመቱ አጋማሽ ወዲህ ዜሮ ነው የሚያሳየው። የተረት ሰዓቱ፣ የኮምፒውተር ሥልጠናው፣ ሰው ቅጽ ስናስሞላ የዋልነው ሁሉ ደብተር ላይ ነው ያለው። ኃላፊዬ እረፍት ወጥተዋል፣ ስልካቸው አይነሳም። ዳታው ጠፍቶ ይሆን? አሁን ምን ላድርግ?

ገመድ አልባ፦
የምን ፕሮግራም ነው የምትጠቀሙት? ሪፖርቱንስ ከየት ነው ያወጣሽው? ይህን ካልነገርሽን መገመት ብቻ ነው የምንችለው።

ቀይ ማኅተም፦
ከሁሉ አስቀድመሽ ባክአፕ ውሰጂ። ምንም ነገር ሳትነኪ።

የቀድሞ ላይብረሪያን፦
ልጄ፣ አይዞሽ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። እኔ ብዙ ዘመን በዚህ ሥራ ቆይቻለሁና አንድ ነገር ልበልሽ። የዩኔስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ሲወጣ ቤተ መጻሕፍትን የሕዝብ መማሪያ አድርጎ ነው ያየው። በ1972 እና በ1994 ታድሷል፤ በ2022 የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሆነው ኢፍላና ዩኔስኮ እንደገና ሲያሻሽሉት የዲጂታል መረጃን ተደራሽነት አጉልተው አስገቡበት። የውሰት ቁጥር የሥራው አንድ ማዕዘን ነው። ቦርዱ ማወቅ ያለበት ማን መጥቶ ምን አግኝቶ እንደሄደ ነው። ሥራ ፈላጊው ማመልከቻውን ጽፎ ወጣ ወይ? እናትየው ለልጇ ማንበብ ጀመረች ወይ? ይህን የሚለካበት የራሱ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፤ አይሶ 16439 ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። በእኔ እምነት ሪፖርትሽን ከዚያ ብትጀምሪ ይሻላል።

ተረኛዋ፦
ጋሽዬ፣ የሚሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ግን የቦርዱ ቅጽ የመጀመሪያው ሳጥን "ጠቅላላ ውሰት" ነው የሚለው፣ ባዶ መተው አልችልም። ፕሮግራሙ ኮሃ ነው። ኢሹስ ከሚለው ሰንጠረዥ ነው ያወጣሁት፣ ቀኑን ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አድርጌ።

ተራራ ወጪ፦
412ቱን መጻሕፍት ሰዎች ቤታቸው ይዘዋቸው ተቀምጠዋል ማለት ነዋ! ደውዪላቸውና ይመልሱ 😄

ቀይ ማኅተም፦
ባክአፕ ወስደሻል?

ሰርኩሌሽን ክፍል፦
ተራራ ወጪ ሲቀልድ መልሱን ነው የተናገረው። ኢሹስ የሚለው ሰንጠረዥ አሁን በሰው እጅ ያለውን ብቻ ነው የሚይዘው። መጽሐፉ ሲመለስ መዝገቡ ከዚያ ወጥቶ ኦልድ ኢሹስ ወደሚባለው ይሄዳል። ስለዚህ የጠፋ ነገር የለም፤ ያየሽው ያልተመለሱትን ነው። ተመልሰው ያለቁትን ሺዎች አላየሽም።

እንዲህ አድርጊ እህቴ። ሪፖርት የሚለውን ገጽ ክፈቺ፣ ስታቲስቲክስ ዊዛርድ ከሚለው ሥር ሰርኩሌሽን የሚለውን ምረጪ። ጊዜውን ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙዪ። ዓይነቱን ውሰት ብለሽ አንድ ጊዜ አውጪ፣ ከዚያ እድሳት (በሰው እጅ ያለውን መጽሐፍ የመመለሻ ቀን ማራዘም) ብለሽ ለብቻው አውጪ። ሁለቱን በአንድ ላይ አትደምሪ፣ በተለይ ሲስተማችሁ ራሱ በራሱ የሚያድስ ከሆነ። ማንም ሳይነካው አንድ መጽሐፍ ደጋግሞ እየታደሰ ቁጥሩን ያሳብጠዋል።

ገመድ አልባ፦
ልክ ነው። አንድ ልጨምር፦ አስተዳዳሪው አሮጌ መዝገብ የሚያጸዳ ትዕዛዝ አስቀምጦ እንደሆነ ጠይቂ። የአንባቢው ስም ከኦልድ ኢሹስ ቢሰረዝ ለምስጢር ጥበቃ ነው፤ ማን እንደተዋሰ አይታወቅም እንጂ ውሰቱ መቆጠሩ አይቀርም። መስመሩ ራሱ ከተሰረዘ ግን ሌላ ነገር ነው።

ምሥራቅ በር፦
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ለምን 19 ሺህን ለመድረስ ትጨነቂያለሽ? ውሰት ቢቀንስ ሥራ ቀንሷል ማለት አይደለም። ሰው ኢንተርኔት ሊጠቀም፣ ሊያጠና፣ ሊሠለጥን ይመጣል። እዚያው ተቀምጦ አንብቦ የሚሄደውን ማን ቆጠረው? ቁጥሩ ከወረደ ወርዷል ብለሽ ጻፊ።

ተረኛዋ፦
ማን ደብቃለሁ አለ? እውነተኛውን ቁጥር ነው የምፈልገው፣ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል። 412 ብዬ ብጽፍ ግን ውሸት ነው፤ በዚያ ውሸት ላይ ደግሞ የመጪው ዓመት የመጽሐፍ መግዣ በጀት ይቆረጣል። የተረት ሰዓቱን የምትመራው ልጅ ደመወዝ ከዚያው ነው የሚወጣው።

ምሥራቅ በር፦
እሺ፣ ይህን አልነገርሽንም ነበር። ገብቶኛል።

የበር ጠባቂ፦
ስለ ቆጣሪው ማንም አልመለሰላትም። ዜሮ የሚለው የጨረር ዓይነቱ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሦስት ነው፦ ባትሪው አልቋል፣ ወይ የፊቱ መስታወት አቧራ ይዟል፣ ወይ ከግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ዓይኖች አልተገጣጠሙም። የእኛን የጽዳት ሠራተኛዋ በመወልወያ እንጨት ነክታው አንዱ ዓይን ጥቂት ዞሮ ነበር፤ በዓይን እንኳ አያስታውቅም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፣ አስተካክዪው፣ ከዚያ በመሃሉ እያለፍሽ ቁጥሩ መጨመሩን እዪ።

ያለፈውን ግን አይመልስልሽም። ለሪፖርቱ የሠራበትን ጊዜ ብቻ ውሰጂ፣ የቀረው በግምት መሆኑን ጻፊ። ደግሞ አስተውዪ፣ ቆጣሪው የሚገባውንም የሚወጣውንም የሚቆጥር ከሆነ ለሁለት ይካፈላል። አምና ተካፍሎ እንደነበር የአምናውን ፋይል ተመልከቺ፤ ካልተካፈለ የአምናው ቁጥር እጥፍ ነው ማለት ነው።

ቀይ ማኅተም፦
በግምት የተጻፈ ሪፖርት ምን ዋጋ አለው? ያልተቆጠረውን ዜሮ ማለት ነው የሚሻለው።

የበር ጠባቂ፦
አይደለም ወንድሜ። የቤተ መጻሕፍት አኃዝ ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው አይሶ 2789 ጎብኚን በናሙና መቁጠርን ይፈቅዳል። የተለመደ ሳምንት መርጠሽ ትቆጥሪያለሽ፣ በተከፈተበት ሳምንት ብዛት ታባዣለሽ፣ እንዲህ ነው የተሠራው ብለሽ ትጽፊያለሽ። ዜሮ ብሎ መጻፍ ግን ማንም አልመጣም ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ሐሰት ነው።

የልጆች ክፍል፦
የደብተሩን ነገር እኔ ላግዝሽ። ሁለት ዓምድ አውጪ፦ ስንት ጊዜ ተካሄደ፣ ስንት ሰው ተገኘ። አንድ ሕፃን በየሳምንቱ አሥር ጊዜ ከመጣ አሥር ተገኝነት ነው እንጂ አሥር ሕፃናት አይደለም። "200 ሕፃናት ተጠቀሙ" ብለሽ ጽፈሽ የቦርድ አባል ስም ዝርዝር ቢጠይቅሽ ትቸገሪያለሽ። "የተረት ሰዓት ተገኝነት 200" ካልሽ ልክ ነው።

ቅጽ ማስሞላቱንም ለብቻው ጻፊው። "መጸዳጃ ቤቱ የት ነው" ብሎ የጠየቀን ሰውና አጠገቡ ተቀምጠሽ ማመልከቻ ያስሞላሽውን ሰው በአንድ ሳጥን አትክተቺ። የኋለኛው ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ እሱ ነው የሕዝብ አገልግሎት የሚባለው። ደብተርሽ ላይ "ቅጽ"፣ "ሲቪ"፣ "ኢሜይል ከፈትን" የሚል ማስታወሻ ካለ እሱን ቁጠሪ። እኛ ዘንድ አንዲት አሮጊት ከልጃቸው የተላከላቸውን ደብዳቤ እንድናነብላቸው በየጊዜው ይመጡ ነበር፤ ያንን በምን ስም እንደምንመዘግበው ተከራክረን ተከራክረን በመጨረሻ "የንባብ እገዛ" አልነው።

የቀድሞ ላይብረሪያን፦
የልጆች ክፍል፣ ተባረኪ። እኔም ለማለት የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ተረኛዋ፦
ዊዛርዱ ሠራ!! ውሰት 14,206፣ እድሳት 5,880 ይላል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሰርኩሌሽን ክፍል። ግን የአምናው 19 ሺህ እድሳቱን ጨምሮ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የአምናው ወረቀት ላይ "ውሰት" ብቻ ነው የሚለው። ካልጨመረ በብዙ ወርደናል ማለት ነው።

ሰርኩሌሽን ክፍል፦
አትገምቺ። እዚያው ዊዛርድ ላይ ቀኑን ወደ አምና መልሰሽ እንደዛሬው ሁለቱንም ለየብቻ አውጪ። ውሰቱ ብቻውን ወደ 19 ሺህ ከመጣ በእርግጥ ቀንሷል። ሁለቱ ሲደመሩ ከሆነ ግን ዘንድሮ ከአምና ጋር እኩል ወይም የተሻለ ነው። ከሠንጠረዡ ሥር ይህን ጻፊ፦ "የዘንድሮው ቁጥር የመጀመሪያ ውሰትን ብቻ ያሳያል፤ እድሳት ለብቻው ተቀምጧል፤ የአምናው በተመሳሳይ መንገድ እንደገና ተቆጥሯል።"

ገመድ አልባ፦
የአምናው ዓመት የበጀት ዓመት ነበር ወይስ ከጥር እስከ ታኅሣሥ? እሱንም አረጋግጪ፣ ቀኑ ከተዛባ ማወዳደሩ ዋጋ የለውም።

የበር ጠባቂ፦
ቆጣሪውስ? ባትሪውን አየሽው?

ጎህ ሲቀድ፦
እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ የእኛ ግን ኮሃ ሳይሆን ኤክሴል ነው። የሦስት ወሩ ሉህ ቀን የሚለው ዓምድ በሙሉ ጽሑፍ ሆኖ አይደመርም። የሚያውቅ አለ?