ሳልሞኑን ለማትረፍ የባሕር አንበሳውን መግደል ይገባል ወይስ አይገባም?

ዳዊት፦ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ እዚሁ ሲያትል፣ ባላርድ ሄጄ ነበር፤ ጀልባ ከሐይቁ ወደ ባሕር የሚሸጋገርበት በር ጋ። ዓሣ ከሚወጣበት መሰላል በታች አንድ አቆስጣ፣ ዓሣ የሚበላ የባሕር አጥቢ እንስሳ፣ ጥግ ይዞ ይጠብቃል። እንቁላል ሊጥል ከባሕር ወደ ወንዝ የሚወጣው ሳልሞን ብቅ ከማለቱ ላፍ! ትንሿ አለቀሰች፤ ትልቁ ለአቆስጣው አጨበጨበ። እቤቴ ውስጥ ሁለት ፓርቲ ተመሠረተ ማለት ነው። የእናንተን ፍርድ ልስማ፦ ሳልሞኑ እየመነመነ ነው፤ መንግሥት እነዚህን በላተኞች መግደል አለበት ወይስ የለበትም? እኔ አለበት ባይ ነኝ። (ፈረንጆቹ እንደሚሉት «ሲል» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ «ምን ሲል?» ትሉኛላችሁ ብዬ በኦሪቱ ስም አቆስጣ አልኩት።) ዓመተ ምሕረት የምትጠቅሱ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉት።

ሄለን፦ መጀመሪያ ተከሳሾቹን እንለይ። አቆስጣና የባሕር አንበሳ አንድ አይደሉም። የባሕር አንበሳው ጆሮው ወጣ ያለ፣ በፊት መቅዘፊያው ተደግፎ የሚራመድ ግዙፍ ነው። አቆስጣው አነስ ይላል፤ መሬት ላይ በሆዱ ነው የሚሳበው። የመግደሉ ሐሳብ ደግሞ አዲስ አይደለም፣ ዳዊት። ዋሽንግተን ግዛት እስከ 1960 ድረስ አቆስጣ ለገደለ ሰው ገንዘብ ይከፍል ነበር። እንስሳቱ ሊያልቁ ሲሉ ነው በ1972 የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ሕግ የወጣው። ነጭ ሰፋሪ ከመምጣቱ በፊት እኮ አቆስጣውም ሳልሞኑም በአንድ ውኃ ሞልተው ይኖሩ ነበር። በመሐል የገባው ማነው?

ጋሽ ታደሰ፦ ሄለንዬ፣ በመሐል የገባውን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። በሰማንያዎቹ እዚህ ከተማ ታክሲ ስነዳ፣ ያው ዳዊት የቆመበት ቦታ ላይ አንድ ወፍራም የባሕር አንበሳ መጣ። ሕዝቡ ኸርሼል ብሎ ስም አወጣለት። ኋላ ጓደኞቹን አስከተለና ሁሉም ኸርሼል ተባሉ። የሚበሉት ስቲልሄድ የሚባለውን የሳልሞን ዘመድ ነው፤ በፈረንጆቹ ክረምት፣ በብርዱ ወራት ነው የሚወጣው። ቱሪስቱ ያጨበጭባል፣ ዓሣው ያልቃል።

መንግሥት ያላደረገው ነገር የለም። ውኃ ውስጥ ርችት አፈነዱባቸው፤ ለመዱት። ጫፉ ላስቲክ የሆነ ቀስት ወረወሩባቸው። የሚያስመልስ መድኃኒት ያለበት ዓሣ አቀረቡላቸው። ጥቂቶቹን ካሊፎርኒያ ድረስ ወስደው ለቀቋቸው፤ ከወር ትንሽ አለፍ ሲል ዋኝተው ተመለሱ! በ1996 ደግሞ ከፋይበርግላስ የተሠራ የውሸት ኦርካ፣ ያ የባሕር አንበሳ የሚበላው ዓሣ ነባሪ መሳይ፣ ውኃው ላይ አቆሙ፤ እኛ አገር ማሳ ላይ እንደምናቆመው የወፍ ማስፈራሪያ። አልሠራም። በ1994 ሕጉ ተሻሽሎ ለይቶ መግደል ተፈቅዶ ነበር፤ ክርክሩ ግን ማለቂያ አጣ። በመጨረሻ ሦስቱን ግዙፎች በአውሮፕላን ጭነው ፍሎሪዳ፣ የባሕር እንስሳት ማሳያ ላኳቸው።

እስከዚያ ዓሣው የት ደረሰ? በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ወደ 3 ሺህ የሚጠጋው የስቲልሄድ ቁጥር በ1994 ወደ 70 ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላንሰራራም። በ10 ዓመት ክርክር አንድ ዘር ጠፋ፣ ልጄ።

ብርቱካን፦ ጋሽ ታደሰ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያንን መተላለፊያ የሠራው ኸርሼል ነው እንዴ? ሰው ወንዙን በአንዲት ጠባብ በር አሳልፎ፣ ዓሣውን በሩ ላይ አሰልፎ፣ እንስሳው ለምን ጎረሰ ብሎ ይፈርዳል። ማዕድ አቅርቦ እንግዳውን መደብደብ ነው። በዋሽንግተንና በኦሪገን ግዛቶች መካከል የሚፈሰው ኮሎምቢያ ወንዝ ላይም ያው ነው። ቦንቪል ግድብ ከባሕር 235 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ነው፤ የባሕር አንበሳው ያን ሁሉ የሚዋኘው ዓሣው ከግድቡ ሥር ተጨናንቆ እንደሚያገኘው ስለሚያውቅ ነው። ግድቡን ያፍርሱ እንጂ።

ዳዊት፦ ብርቱካን፣ ግድብ እስኪፈርስ ዓሣው ይቆያል? የኤልዋ ወንዝን ሁለት ግድቦች ለማፍረስ ሕጉ በ1992 ወጣ፤ ማፍረሱ የተጀመረው በ2011 ነው። ቁጠሪው።

ደግሞ መግደል ሠርቷል። ኦሪገን ውስጥ ዊላሜት ወንዝ ላይ ፏፏቴ አለ። በ2017 እዚያ ያለፈው የክረምት ስቲልሄድ 512 ብቻ ነበር፤ ሩቡን ያህል የባሕር አንበሶች በሉት። ፈቃድ ተገኘና ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በወራት ውስጥ 33 የባሕር አንበሶች ተይዘው በመርፌ ተገደሉ። በቀጣዮቹ ዓመታት የዓሣው ቁጥር ወደ ሺዎች ተመለሰ። የካሊፎርኒያ የባሕር አንበሳ በጠቅላላው ከ2 መቶ ሺህ በላይ ነው፤ 33ቱ ምኑን ይጎዱታል? ለዚህ ነው በ2020 ለሦስት ግዛቶችና ለነባር ሕዝቦች በኮሎምቢያ ተፋሰስ በ5 ዓመት እስከ 540 የካሊፎርኒያና 176 ስቴለር የሚባሉትን የባሕር አንበሶች እንዲያስወግዱ የተፈቀደላቸው።

ሄለን፦ ዊላሜትን እቀበላለሁ። በር ያለበት ቦታ ነው፤ ሌባው ጥቂት ነው፣ ይታወቃል፣ ከዓመት ዓመት የሚመጣው ያው እሱ ነው። ያንተ ልጆች ያዩት አቆስጣ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፒዩጀት ሳውንድ፣ ሲያትል ያለችበት የባሕር ወሽመጥ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ አሉ፤ በየድንጋዩና በየደሴቱ ተበትነው። የሚበሉት ደግሞ ያንን ትልቅ ሳልሞን ብቻ አይደለም፤ ወደ ባሕር የሚወርደውን ጣት የሚያክል ጫጩትም ጭምር ነው። የቱን ትገድላለህ? 33 ሳይሆን በሺዎች ልትገድል ነው፤ በየዓመቱ። ከዚያ አቆስጣ እየበሉ የሚኖሩት ተጓዥ ኦርካዎች ምን ይብሉ? በአብዛኛው ቺኑክ የሚባለውን ሳልሞን የሚበሉት ሌሎቹ ኦርካዎች ተርበዋል ብለን፣ እነዚህኛዎቹን ልናስርብ ነው።

ምንተስኖት፦ ከባሕር ዳር ነኝ፤ የባሕር አንበሳ በፎቶ እንጂ አላየሁም። ግን የበሩን ነገር ስታነሱ ጣና ትዝ አለኝ። እኛም ጋ ባርበስ የሚባሉት ዓሦች አንዳንድ ዝርያቸው በክረምት ከሐይቁ ወደ ጉማራና ርብ ወጥቶ ነው እንቁላል የሚጥለው። ወንዙ አፍ ላይ የሚጠብቃቸው አቆስጣ ሳይሆን መረብ ነው። ከ1986 ወዲህ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገባ ቁጥራቸው ክፉኛ ወረደ። የእኛን በላተኛ በመርፌ ማስወገድ ስለማይቻል መረቡን በወቅቱ ከወንዙ አፍ ማንሣት ነው ያለው፤ እሱም በወረቀት ቀላል ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ወንድሜ፣ ደህና አልክ። እዚህም የመረቡ ባለቤት አለ። ነባሮቹ ሕዝቦች በ1850ዎቹ መሬታቸውን በውል ፈርመው ሲለቁ ዓሣ ማጥመዱን ለራሳቸው አስቀርተዋል፤ በ1974 ዳኛ ቦልት ከሚጠመደው ግማሹ የእነሱ ነው ብሎ ፈረደላቸው። የሌለ ዓሣ ግማሹ ስንት ነው? አያቶቻቸው አቆስጣም ያድኑ ነበር። ለእንስሳው አዘንን ስንል እነሱን ማን ይጠይቅ?

ሄለን፦ ልክ ነዎት፤ እኛ ሳንሆን እነሱ ናቸው ከፊት መቀመጥ ያለባቸው። ግን እነሱም እኮ ግዛቱን የከሰሱት በአቆስጣ አይደለም፤ ከመንገድ ሥር ዓሣ በማያሳልፉ ቱቦዎች ነው። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ረቱ። ሌላም ልንገርዎት፣ ጋሽዬ፤ እርስዎን ይመለከታል። ኮሆ የሚባለው ሳልሞን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከተማ ውስጥ ባሉ ጅረቶች ለምን እንደሚሞት በ2020 ታወቀ፤ ከመኪና ጎማ የሚወጣ ኬሚካል ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ጎማ? ታዲያ የ30 ዓመት ታክሲ ነጂ ከኸርሼል በላይ በልቷላ!

ዳዊት፦ ጋሽ ታደሰ፣ እኔም ኡበር ላይ ነኝ፤ አብረን እንቀርባለን።

ሄለን፣ ግማሹን አሸነፍሽኝ። በሰፊው ባሕር መግደሉን ትቻለሁ። ሁድ ካናል ላይ ያለውን ተንሳፋፊ ድልድይ ግን አስቢው። የድልድዩ ሆድ ውኃው ውስጥ ጠልቆ የስቲልሄድ ጫጩቶችን መንገድ ይዘጋል፤ እዚያ ከሚደርሱት እስከ ግማሽ የሚሆኑት አያልፉም፤ አቆስጣውም እዚያው ይጠብቃቸዋል። ይሄም በር ነው። የባላርዱም በር ነው።

ሄለን፦ ድልድዩን ያስተካክሉ፣ ዳዊት። ጫጩቱ ካልተከማቸ አቆስጣው ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ጋሽ ታደሰ፦ እስኪያስተካክሉት ስንት ክረምት ነው?