ሳይቀመስ የሚሠራ የፋሲካ ማባያ፦ ለ14 ሰው እራት ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ እናቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ የዘንድሮ የፋሲካ እራት በእኛ ቤት ነው። ከባለቤቴ ወገን አማቶቼና ዋርሶቼ፣ ከእኔ ወገን ደግሞ እናቴና እኅቶቼ ከነልጆቻቸው ሲሰበሰቡ በጠቅላላው 14 ሰው እንሆናለን። ዶሮ ወጡን እናቴ ትሠራዋለች፤ የበጉን ሥራ ባለቤቴ ይዞታል፤ እንጀራውም ዓርብ ይጋገራል። ለእኔ የቀረው ከወጡ ጎን የሚቀርበው ማባያ ሁሉ ነው፤ ጎመኑ፣ አይቡ፣ ሰላጣው፣ አልጫው።

የቸገረኝ ጊዜው ነው። ቅዳሜ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ስለምናነጋ እሑድ ቀን በምድጃ ዙሪያ ብዙ ለመቆም አቅም አይኖረኝም። ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ በቀዳም ስዑር ልጨርስ አስቤአለሁ፤ ነገር ግን ያን ዕለት ጾም ላይ ስለሆንሁ ምንም ልቀምስ አልችልም። ሳይቀመስ ጨው እንዴት ይመጠናል? የትኛውስ ምግብ ነው ቅዳሜ ተሠርቶ እስከ እሑድ ማታ ጣዕሙን ሳያጣ የሚቆይ? በተጨማሪም የባለቤቴ አባት የደም ግፊት ስላለባቸው ጨው እንዲቀንሱ ታዝዘዋል፤ ከልጆቹ መካከል በርበሬ የማይነኩ አሉ፤ ታናሽ እኅቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ማቀዝቀዣችን ትንሽ ነው፤ መብራትም አልፎ አልፎ ይጠፋል። ይህን ሁሉ አስባችሁ እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፣ ከቢቸና

ልጄ፣ በሰላም ያድርሳችሁ። አስቀድሜ የጨውን ነገር ልመልስልሽ፤ ለፍስክ የሚሠራ ሰው ሁሉ በየዓመቱ የሚጨነቅበት ነውና። ጾም ያልጀመረ ሕፃን በቤት ካለ ማስቀመስ የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም ሕፃን ይጣፍጣል ወይም አይጣፍጥም ከማለት አልፎ ስንት ይጨመር እንደሆነ አይነግርሽም። የሚሻለው ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጾም ስትፈቺ፣ ግማሽ ኪሎ ጎመን በዘይት ብቻ ሠርተሽ የጨመርሽውን ጨው በሻይ ማንኪያ እየለካሽ በወረቀት መጻፍ ነው። ቅዳሜ ያንኑ ልክ በኪሎው አባዝተሽ ትጨምሪያለሽ። መነሻ እንዲሆንሽ፣ ለአንድ ኪሎ የተከተፈ አትክልት ከላይ ተስተካክሎ የተሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማለትም 5 ግራም ገደማ፣ ይበቃል፤ ለእንግዳ ሲሆን ከዚያም ጥቂት ጎደል አድርጊው።

ጎመኑን በሁለት ቀን ክፈዪው። ለ14 ሰው 3 ኪሎ ያህል የሐበሻ ጎመን ያስፈልግሻል፤ ሲቀቀል በጣም ይሟሽሻልና አይብዛብሽ። ወፍራሙን አንጓ አውጪ፣ አፈሩ እስኪጠራ ድረስ ውሃ እየለወጥሽ እጠቢ፣ ደቀቅ አድርገሽ ክተፊ፤ ከዚያም በፈላ ውሃ፣ ድስቱን ሳትከድኚ ቀቅዪው፤ ክዳን ሲደረግበት አረንጓዴነቱ ይጠፋል። ሲለሰልስ አጥልለሽ፣ ሲበርድ በእጅሽ ጨምቀሽ፣ ተሸፍኖ በቀዝቃዛ ቦታ ይደር። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚቀርሽ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልተሽ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረሽ፣ ጎመኑን ማዋሐድ ብቻ ነው፤ ይህ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቃሪያውን ከእሳት ልታወርጂ ስትይ ጣል አድርጊበት። ቅቤ ከመግባቱ በፊት በዘይት ብቻ እንዲቀር የምትፈልጊውን ለይተሽ በትንሽ ድስት አስቀሪ፤ በቀረው ላይ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት የተነጠረውን ቅቤ አፍስሺ።

አይቡን ግን ዓርብ ጨርሺው። አሬራውን በለስላሳ እሳት ላይ አድርገሽ ፈጽሞ አታማስዪው፤ አይቡ ወደ ላይ ተሰብስቦ ከሥሩ ያለው አጓት ሲጠራ አውርጂና እዚያው በድስቱ እስኪበርድ ጠብቂ፤ ከዚያ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልዪ። እሳት የበዛበት አይብ ይደርቃል፣ ይሻክራል፣ ከወጥ ጋርም አይዋሐድም። ከ8 ሊትር አሬራ የሚገኘው ወደ 1 ኪሎ አይብ ስለሆነ አሬራውን ከገጠር የምታስመጪ ከሆነ በጊዜ ንገሪያቸው። አይብና ጎመን ቀላቅለሽ ማቅረብ ከፈለግሽ ቀድመሽ አትቀላቅዪው፤ ውሃ ያወጣል። ገበታ ሲቀርብ ይሁን።

መልስ፣ ከባሕር ዳር፣ በሆቴል ምግብ አብሳይነት የሚሠራ

እኅቴ፣ ስለ ጎመኑና ስለ አይቡ እናታችን የጻፉትን ተቀብዬ እኔ ስለ ድንችና ቀይ ሥር ልጨምር። በመጀመሪያ ደረጃ ከሌላ ከተማ የሰሙትን የመቀቀያ ሰዓት እንዳለ አይውሰዱ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደብረ ማርቆስ ግን ወደ 2,450 ሜትር ስለምትጠጋ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሁለት ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ድንች፣ ቀይ ሥርና ክክ በእርስዎ ዘንድ ተጨማሪ ደቂቃዎች ይፈልጋሉ። እሳቱን መጨመር ውሃውን ያተናል እንጂ ምግቡን አያፋጥነውም፤ ድስቱን መክደን ወይም በፕሬዠር ኩከር መቀቀል ነው የሚረዳው። ሰዓት ሳይሆን ቢላዋ ይመኑ፤ ያለ ግፊት ሲገባ ደርሷል።

ለ14 ሰው 3 ኪሎ ድንች በቂ ነው። የባንጃና የእንጅባራ ድንች ካገኙ ይግዙ፤ መጠኑ እኩል የሆነውን ይምረጡ፣ ልጡ አረንጓዴ የሆነውን ይተዉ። ከነልጡ በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዱት፤ በፈላ ውሃ ውስጥ የገባ ድንች ውጪው ሲፈርስ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ሎሚም ሆነ ቆምጣጤ ሳይበስል አይግባበት፤ ኮምጣጣ ነገር ድንቹ እንዳይለሰልስ ይይዘዋል። ይልቁንም ቅዳሜ ከነልጡ ቀቅለው ያሳድሩትና እሑድ ይላጡት፤ ያደረ ድንች ሲከተፍ አይፈራርስም።

ቀይ ሥሩንም እንዲሁ ቅዳሜ ይቀቅሉ። ሥሩንና ሁለት ጣት ያህል የግንዱን ቁራጭ ሳይቆርጡ ከነልጡ ከተቀቀለ ቀለሙ ወደ ውሃው አይወጣም፤ መካከለኛ የሆነው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ድንቹ ሁሉ ቀይ እንዳይሆንብዎ በየራሱ ሳሕን ያስቀምጡና ሊቀርብ ሲል ጎን ለጎን ይደርድሩት። ድንቹን በማዮኔዝ ማሸት ያምራል፤ ልጆችም ይወዱታል።

ለልጆቹ ደግሞ የድንችና የካሮት አልጫ አይርሱ። ሽንኩርቱ ሳይጠቁር ተቁላልቶ፣ እርዱ በቢላዋ ጫፍ ብቻ፣ መጀመሪያ ካሮት፣ ቀጥሎ ድንች፣ ጥቅል ጎመን መጨረሻ። እርድ ከበዛ ይመራል።

መልስ፣ ከሞጣ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ወንድሜ ከባሕር ዳር ስለ ማዮኔዝ ያሉትን በአክብሮት እቃወማለሁ። የፋሲካ ገበታ ዶሮ ወጥ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ አይብና የበግ ሥጋ ያለበት ነው፤ 55 ቀን ከቅባት የራቀ ሆድ ላይ ሌላ ቅባት መጨመር ለምን ያስፈልጋል? ማባያ የሚያስፈልገው ወጡን እንዲያቀል ነው። ድንቹ በዘይት፣ በሎሚ፣ በደቃቁ በተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ ይታሽ፤ ከዶሮ ወጥ በኋላ አፍ የሚያጠራው ይህ ነው። ማቀዝቀዣው ትንሽ በሆነበት፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት ደግሞ ማዮኔዝ የገባበትን ሰላጣ ሳይበላሽ ማቆየት ያስቸግራል።

ሁለተኛው አሳቤ የዓይነቱን ብዛት ይመለከታል። እኅቴ፣ አራት ማባያ በደንብ ተሠርቶ ቢቀርብ ከስምንት ዓይነት ይበልጣል፤ ትሪው ከተጨናነቀ ጎመኑ ከቀይ ሥሩ፣ አይቡ ከአልጫው ጋር ይደባለቃል፤ ዶሮ ወጡም ቦታ ያጣል። እኔ ብሆን ጎመን፣ አይብ፣ የድንችና የቀይ ሥር ሰላጣ፣ የልጆች አልጫ ብዬ እዚያ ላይ አቆማለሁ። ከእነዚህ ሌላ በትንሽ ሳሕን የሚቀርብ ሰናፍጭ ይጨመር፤ ከበግ ሥጋ ጋር እጅግ ይስማማል። የተፈጨውን ሰናፍጭ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ በጥብጠሽ ሩብ ሰዓት ያህል ከድነሽ ተዪው፤ የሚሰነፍጠው ኃይል የሚወጣው በዚያ ጊዜ ነው። ትኩስ ውሃ ከገባበት ኃይሉ ይሞታል። ጨውና ጥቂት ዘይት ከዚያ በኋላ ይግባበት።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ድንቹን በሎሚ አደርገዋለሁ፤ ለልጆቹ የሚሆነው ብቻ ማዮኔዙ በገበታ ሰዓት ይጨመርበታል። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። እኛ ከተማ ስለሆንን አሬራ እንደ ልብ አናገኝም፤ በወተት ብቻ አይብ ይወጣልን? ለነፍሰ ጡር እኅቴና ለአማቴስ የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በየትኛው ምግብ ላይ ነው?

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ በነርስነት የሚያገለግል

እኅቴ፣ ሁለቱንም ማሰብዎ መልካም ነው። ያልፈላ ወተትና ከእሱ የሚሠራ አሬራ፣ እርጎና አይብ እንደ ብሩሴላ ያሉ ተሕዋስያንን ሊይዙ ይችላሉ፤ ይህም በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴትና ለፅንሱ አደገኛ ነው። በለስላሳ እሳት የወጣ አይብ ሙቀቱ ተሕዋስያኑን ለመግደል ላይበቃ ስለሚችል፣ ለእኅትዎ የሚቀርበው አስቀድሞ ከፈላ ወተት የተሠራ ይሁን፤ ካልሆነም ከጎመኑ ጋር በድስት ገብቶ ውስጡ ድረስ በደንብ ይሙቅ፤ ቢያንስ 70 ዲግሪ ማለት ነው። ክትፎና ጥሬ ሥጋም ለእሷ አይቅረብ።

ስለ አባታችን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህ ለቀኑ ምግብ በሙሉ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን በርበሬ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ ሲዘጋጁ ጨው የሚገባባቸው መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ዶሮ ወጡ ብቻውን የዕለት ድርሻቸውን ሊወስድ ይችላል። ማባያው ላይ ነው ማካካስ የሚቻለው። የድንቹን ሰላጣ ለሁሉም ያለ ጨው ሠርተው፣ ጨውን በገበታ ላይ ያስቀምጡ፤ ሎሚው፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ጣዕም ይሰጡታል። አይብም በራሱ ጨው አይፈልግም። እንዲህ ከሆነ ለእሳቸው የተለየ ሳሕን ማቅረብ አያስፈልግም፤ ሽማግሌ ሰው በበዓል ቀን ከቤተሰቡ ማዕድ ተለይቶ እንደ ሕመምተኛ መቆጠሩን አይወድም።

ስለ አቀማመጥ፣ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ትልቅ ድስት ሙሉ ትኩስ ምግብ ወደ ትንሽ ማቀዝቀዣ ቢያስገቡ እሱም ሳይበርድ ይቆያል፤ ማቀዝቀዣውንም ያሞቀዋል። በዝርግ ዕቃ አሰራጭተው፣ ዕቃውን በቀዝቃዛ ውሃ ላይ አድርገው ካበረዱ በኋላ ያስገቡ። ቦታው ካልበቃ አይቡና የተቀቀለው ጎመን ይቅደሙ፤ ያልተላጠው ድንችና ቀይ ሥር በመጨረሻ ይግቡ። መብራት ከጠፋ የማቀዝቀዣው በር ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን አራት ሰዓት ያህል ይይዛል። አልጫውን ቅዳሜ ከመሥራት እሑድ መሥራት ይሻላል፤ አትክልቱን ቅዳሜ ልጠውና ከትፈው ካዘጋጁ የሚቀረው ማብሰሉ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሌሊት ጾሙ ሲፈታ ከቅባቱ በፊት የተልባ ውሃ መጠጣት በየቤቱ ያለ ልማድ ነው፤ አይተዉት።

መልስ፣ ከቢቸና

ልጄ፣ ከወተትም አይብ ይወጣል፤ ወንድማችን ላነሣው ለእኅትሽም የሚስማማው ይኸው ነው። 4 ሊትር ወተት በደንብ አፍልተሽ አውርጂ፤ ጥቂት ጋብ ሲል፣ ለአንድ ሊትር ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ እየሆነ፣ በቀስታ ጨምሪበት። ሳትበጠብጪው አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ በማማሰያ አዙሪና ተዪው፤ ወዲያው ይቋጥራል። ካልቋጠረ ሎሚውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ። ከበረደ በኋላ በጨርቅ አጥልለሽ አንጠልጥዪው፤ ግን እስኪደርቅ አትቆዪ፤ ጥቂት እርጥበት ይዞ ሲቀር ነው ከዶሮ ወጥ ጋር የሚዋሐደው። ቅቤው ስላልወጣለት ከአሬራ አይብ ይልቅ የለሰለሰ ነው፤ የሚወጣውም ይበልጣል። ኮምጣጣነቱ ግን ያነሰ ስለሆነ፣ የአሬራውን ጣዕም የሚወዱ እንግዶች ካሉ ጥቂት ሎሚ ሲቀርብ ጭመቂበት።

ዓርብ ከሠራሽው በንጹሕ ዕቃ ከድነሽ በማቀዝቀዣው የታችኛው መደርደሪያ አኑሪው፤ ስትወስጂለትም በደረቅና በንጹሕ ማንኪያ ይሁን። አጓቱ አይደፋ፤ ለድፎ ዳቦው ሊጥ በውሃ ፋንታ ይሆንሻል።