ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር እንዴት ተጀመረ? አሁንስ ምኑን ነው ማትረፍ የሚቻለው?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ናችሁ፣ ባለፈው ወደ ሀዋሳ ስሄድ ሻሸመኔ መግቢያ ላይ ጃማይካ ሰፈርን አለፍን፣ መቼም ስንቴ እንዳለፍኩት አላውቅም ግን የዛን ቀን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀባ አሮጌ አጥር ፈርሶ ከኋላው አዲስ ፎቅ ሲወጣ አየሁና እስከ ሀዋሳ ድረስ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰውን ስጠይቅ ሁሉም የሚለኝ "ጃንሆይ ለጃማይካዎች መሬት ሰጧቸው" ብቻ ነው። እውነት እንደዛ ነው እንዴ? ደሞ በቅርስነት መጠበቅስ ይቻላል ወይ? የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ።

ታሪክ ወዳድ፦
እህቴ "ለጃማይካዎች" የሚለው ነው ስህተቱ። መሬቱ ሲሰጥ ስለ ራስታ፣ ማለትም ጃንሆይን እንደ አምላክ ስለሚያዩት ከጃማይካ ስለተነሱት አማኞች፣ ያወራ አልነበረም። ነገሩ የሚጀምረው ከጣልያን ወረራ ነው፣ ያኔ አሜሪካና ካሪቢያን ያሉ ጥቁሮች ገንዘብ ያዋጡ ነበር ሰልፍ ይወጡ ነበር፣ ጃንሆይም ዶክተር መላኩ በያንን ኒውዮርክ ልከው እሱ እ.ኤ.አ. በ1937 ኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽን የሚባለውን ማህበር አቋቋመ። ከድል በኋላ በ1940 ዓ.ም. በዚህ ማህበር በኩል በምዕራቡ ዓለም ላሉ ጥቁር ሕዝቦች ሻሸመኔ ላይ 5 ጋሻ ተሰጠ። ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው ስለዚህ ወደ 200 ሄክታር ማለት ነው፣ ትልቅ መሬት ነው። መጀመሪያ የሰፈሩት ጄምስ እና ሔለን ፓይፐር የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው፣ ትውልዳቸው ሞንትሰራት የምትባል ትንሽ ደሴት፣ ሃይማኖታቸውም ራስታ ሳይሆን አይሁድነት ነበር። ይሄን ስነግራቸው የማያምኑኝ ሰዎች አሉ።

ራስታዎቹ የመጡት ከዛ በኋላ ነው። ኖኤል ዳየር የሚባለውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ከእንግሊዝ ተነስቶ በፈረንሳይ በስፔን ሞሮኮ ገባ ከዛ ሰሜን አፍሪካን በእግሩ እያቋረጠ በሱዳን በኩል ሻሸመኔ ደረሰ፣ ከዓመት በላይ ፈጅቶበታል። አስቡት እስቲ፣ ካርታ ላይ እንኳን በጣት ሲከተሉት ያደክማል። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. የጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን ሲገቡማ ራስታዎቹ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቀው ነው የተቀበሏቸው፣ ከዛ በኋላ ነው ከጃማይካ በቡድን መምጣት የበረታው።

የሻሼ ልጅ፦
እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዛው ነው። ወንድሜ የጻፍከው ትክክል ነው ግን ደርግን ዘለልከው፣ የሰፈሩ ቁስል እኮ ያለው እዛ ላይ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የነሱም መሬት አብሮ ተወረሰ፣ የቀራቸው ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹ ሀገር ለቀው ሄዱ፣ የቀሩት ደግሞ በስንት መከራ ቆዩ። እናቴ ስለዛ ዘመን ስታወራ ጎረቤቶቻችን ከግቢያቸው ጎመንና በቆሎ እየሸጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት ትለን ነበር። አሁን 200 ሄክታር ፈልጋችሁ ብትመጡ የምታገኙት በቤት የተሞላ የከተማ ሰፈር ነው።

አንድ ነገር ግን በክብር ልጨምር፣ መሬቱ ሲሰጥ ባዶ አልነበረም፣ የአርሲ ኦሮሞ አርሶ አደርና ከብት አርቢ የሚኖርበት አገር ነው። ቅርስ ስንል የነዚህ ሰዎች ትዝታ አብሮ ካልተያዘ እኔ በበኩሌ አልስማማም። የኛ አያቶች ስለ መጀመሪያዎቹ እንግዶች የሚያወሩት አለ፣ አብረው ውሃ የቀዱ አሉ፣ የተጋቡም አሉ፣ በመሬት የተጣሉም አሉ። ሐምሌ 16 የጃንሆይ ልደት ሲከበር ናያቢንጊ የሚባለውን የራስታዎች የአምልኮ ከበሮ ሌሊቱን ሙሉ እየሰማን ነው ያደግነው፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኦሮምኛና አማርኛ ፓትዋ ከሚባለው የጃማይካዎች ቋንቋ ጋር እየደባለቅን ነበር የምናወራው፣ ለኔ ሰፈሩ ማለት ይሄ ነው።

ቅርስ ላይ የሰራ፦
በሕግ በኩል ያለውን ልንገርሽ እህቴ። ዋናው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፣ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበን ነገር ለመጠገን እንኳን የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከቦታው ማንሳትማ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይቻልም። ግን በኔ አስተያየት ሰው ሁሉ አጥርና ቀለም ላይ ማተኮሩ ነው የሚያጠፋን። አጥሩ በየጊዜው ተቀብቷል ነገም ይቀባል። የማይተካው ወረቀቱ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ደብዳቤ፣ ፓስፖርት፣ ፎቶ፣ የመርከብና የአውሮፕላን ትኬት፣ ይሄ ሁሉ አሁን በየቤቱ ሳጥን ውስጥ እርጥበትና ምስጥ እየበላው ነው። ከዛ መቃብሮቹ። ከዛ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው፣ አንድ ሰው ባረፈ ቁጥር ማን የት ቤት እንደሰራ የሚያውቅ እየጠፋ ነው። እኔ ሌላ ከተማ አንድ አሮጌ ሰፈር ስንመዘግብ ቤቶቹን በሙሉ ለክተን ፎቶ አንስተን ጨረስን፣ የባለቤቶቹን ታሪክ "በሚቀጥለው ዙር" ብለን አቆየነው፣ በሚቀጥለው ዙር ስንመለስ ሦስቱ አርፈው ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላው ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው ሳይረጋጉ ቅርሱ አይጠበቅም። ለብዙ ዓመት እዚሁ የተወለዱ ልጆች እንኳን ወረቀት አልነበራቸውም፣ በ2009 ዓ.ም. ነው መንግሥት ያለ ቪዛ የሚያኖራቸው መታወቂያ እንደሚሰጥ ያሳወቀው። ነገ ውጣ ልባል እችላለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ለማያውቀው አጥኚ አያሳይም፣ ልክ ነው ደግሞ።

መንገደኛዋ፦
በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ የፓይፐርን ታሪክ ጭራሽ ሰምቼው አላውቅም። ለካ አጥሩን አይቼ ነው የተከፋሁት እንጂ ውስጥ ያለውን አላውቅም ነበር። ድምፅ መቅጃና ስካነር አለኝ፣ ብሄድ ያናግሩኛል? ወይስ እንደ ቱሪስት ነው የሚያዩኝ?

የሻሼ ልጅ፦
ያናግሩሻል፣ ግን በመጀመሪያው ቀን መቅጃ እንዳታወጪ፣ እየመጡ ቀድተው ፎቶ አንስተው ጠፍተው የቀሩ ብዙ ናቸው፣ ሰዉ ተሰላችቷል። የምትቀጂውን ኮፒ ለቤተሰቡ እንደምትመልሺ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ስካን ያደረግሽውንም እንደዛው። ሐምሌ 16 አካባቢ ደግሞ አትምጪ፣ በበዓል ቁጭ ብሎ የሚያወራሽ አታገኚም። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ነይና ጻፊልኝ፣ መጀመሪያ ከኔ እናት እንጀምራለን፣ ከዛ እሷ ራሷ ትወስድሻለች።