ጥያቄ፦ ያገለገለ የፊያት ስፓይደር ማርሽ ደሴ ላይ የሚገዛ አለ? ወይስ ኮምቦልቻ ልውረድ?

የጦሳ ልጅ፦ አጎቴ አሮጌ ፊያት 124 ስፓይደር (ጣሪያው የሚከፈተውን መኪና) እያደሰ ነው። ለመለዋወጫ ብሎ ሌላ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ገዝቶ ፈታ። የፈለገውን ወሰደና የተረፈውን «ሽጠህ ተጠቀም» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ማርሽ ከነሲንክሮናይዘራቸው (ማርሽ ሲቀየር ፍጥነቱን አስተካክሎ ሳይንገጫገጭ የሚያስገባው ክፍል) አሉ። ፒያሳ ላሉ መለዋወጫ ቤቶች ልስጥ፣ ኮምቦልቻ ልውረድ ወይስ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ልላክ?

ሸዋ በር፦ ኮምቦልቻ ውረድ። ደሴ የሚያውቀው ባጃጅና አይሱዙ ነው።

ባለ ላዳ፦ ላዳ እኮ የፊያት 124 ልጅ ነው። የእኔ ሦስተኛ ላይ ይጮሃል። ስንት ትለዋለህ?

ካምቢዮ ፈቺ፦ ተረጋጋ ወንድሜ። ላዳ የወጣው ከተራው 124 ነው እንጂ ከስፓይደሩ አይደለም። ስፓይደሩ ባብዛኛው ባለ 5 ማርሽ ነው፣ የድሮ ላዳ ባለ 4። ጥርስ ሳይቆጠር «ይገባል» አይባልም።

ተሸዋጁ፦ እንዳትልክ! እኔ አምና የላንድክሩዘር ማርሽ በአውቶብስ ለአንድ ደላላ ላክሁ። «ገዥ እየመጣ ነው» አለኝ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። በወሩ «አልተሸጠም» ብሎ መለሰው። ካርቶኑን ስከፍት ጥርሱ የተሸራረፈ የሌላ ሰው ማርሽ! ምልክት አላደረግሁበትም፣ በምን ልከራከር?

የሐይቅ ልጅ፦ ወላሂ እኔም በባትሪ እንዲሁ ተሸውጃለሁ።

ሸዋ በር፦ እኔ ደግሞ በጎማ። ለዚህ ነው ኮምቦልቻ ያልኩት። 12 ዓመት ደንበኛ የሆንኩበት ሱቅ አለ፣ ሰውየው አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።

ባለ ላዳ፦ የስፓይደር ማርሽ ሸጦ ያውቃል?

ሸዋ በር፦ አያውቅም። ታማኝ ነው አልኩህ እኮ።

ሰኞ ገበያ፦ ሰፈራችን የሚመጣው ቆራሌውም ታማኝ ነው። በኪሎ ይመዝንልሃል፣ አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።

ካምቢዮ ፈቺ፦ ቀልዱን እናቆየውና፣ ጠያቂው ስማኝ። መጀመሪያ በናፍጣ እጠባቸው። የጥርሱ ፊት ላይ የተቦረቦረ ነገር ካለ ደብቀህ አትሽጥ። የሲንክሮናይዘሩ ቀለበት አልቆ እንደሆነም እይ። ጥርሱን ቁጠር፣ ፎቶ አንሳ፣ ጎኑ ላይ ምልክት ምታበት። የሚገዛህ ሱቅ ሳይሆን ስፓይደር የሚያድስ ሰው ነው፣ መጥቶ አይቶ ይክፈል። ዋናው ግን የታችኛው ሻፍት፣ ማርሾቹ የሚነክሱት ባለ ጥርስ ዘንግ፣ አለህ? ማርሽና ሻፍት ተላምደው ነው የሚያረጁት። አንዱን ከሌላ ጋር ካጋባኸው ይጮሃል።

የጦሳ ልጅ፦ ሻፍቱን አጎቴ ወስዶ የራሱ ካምቢዮ ውስጥ ገጥሞታል። እዚያ ያሉት ማርሾች ግን የራሱ የድሮዎቹ ናቸው።

ካምቢዮ ፈቺ፦ መኪናውን ነድቶታል?

የጦሳ ልጅ፦ ገና ነው። ቆይ ልደውልለት፣ እመለሳለሁ።

ተሸዋጁ፦ አብሽር፣ ቢያንስ አንተን የሸወደህ ደላላ አይደለም።

ባለ ላዳ፦ ጠያቂው የት ገባ? ሦስተኛውን ብቻ ስንት ትለዋለህ?