የእናቴን ነጠላ ያበላሸው የመዳብ ቧንቧ፦ ማንጠልጠያውን እንዴት ላስተካክለው?

ጥለት ወዳድ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከደሴ መጥታ አብራኝ መኖር ከጀመረች ስድስት ወር ሆናት። ይዛ ከመጣቻቸው ሁለት ሻንጣዎች አንዱ ልብስ ብቻ ነበር፤ የሸማ ቀሚሶች፣ ነጠላዎች፣ የአባቴ ጋቢ። የመኝታ ቤቷ ቁም ሣጥን ጠባብ ስለሆነ ልብሶቹ ከሻንጣው ሳይወጡ ከረሙ። በዓል ሲደርስ አልጋው ላይ ትዘረጋቸዋለች፣ የተጨማደደውን በመዳፏ ትዳብሳለች፣ ከዚያ መልሳ ታጥፋቸዋለች። ይህን ሁለት ጊዜ ካየሁ በኋላ ልብሶቿ ዓይኗ ፊት ተሰቅለው የሚውሉበት ማንጠልጠያ በገዛ እጄ ልሠራላት ቆረጥኩ።

የመረጥኩት የውሃ መስመር የሚዘረጋበትን የመዳብ ቧንቧ ነው። ቀለሙ ከጥለቱ ወርቃማ ክር አጠገብ ሲሆን እጅግ ያምራል። ግማሽ ኢንች የሚባለውን ገዛሁ፤ ቁመቱን 1 ሜትር ከ60፣ ወርዱን 1 ሜትር ከ20 አደረግሁት። ማዕዘኖቹን በጎሚቶ (እንደ ክርን በታጠፈው መገጣጠሚያ)፣ እግሮቹን በቲ (ባለ ሦስት አፉ መገጣጠሚያ) አያያዝኩ። የጋዝ መበየጃውንና የመበየጃ ሽቦውን ከጎረቤት ተዋስኩ።

ሰባት ቀሚስ ስሰቅልበት አግድሙ መሐሉ ላይ ረገበ፤ ልብስ ለማንሣት ሲነኩትም ወደ ጎን ይወዛወዛል። ይህን እችለው ነበር። የከፋው ሌላ ነው። እናቴ ነጠላዋን አጥባ ገና እርጥቡን አግድሙ ላይ ሰጣችው። ጠዋት ሳነሣው በሁለቱም ዳር፣ ልክ ጎሚቶዎቹ ባሉበት ቦታ፣ ጥፍር የሚያህል አረንጓዴ እድፍ ወጥቶበታል። መሐሉ ላይ ያለው ደብዛዛ ቡናማ መስመር ብቻ ነው። እናቴ «ይሁን፣ ይታጠባል» አለችኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን እድፉ ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጋ ስታጣፋው አየኋት።

እድፉ ይለቃል? መዳቡ ነጭ ልብስ እንዳይነካካ ምን ልቀባው? መገጣጠሚያውን እንደገና ልበይደው ወይስ ማጣበቂያ ይበቃል? ቧንቧው ላይ የታተመው ቀይ ጽሑፍም በሳሙና አልለቅ ብሎኛል።

ቧንቧ ሠራተኛው (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ሥራሽን እንዳትተዪው። ቧንቧ መዘርጋት ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው፤ የነገርሽን ሁሉ በእጄ ላይ አይቼዋለሁ።

ከእድፉ ልጀምር። አረንጓዴው ጎሚቶዎቹ አጠገብ ብቻ መሆኑን መጻፍሽ በጀ። እርጥብ መዳብ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እድፉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። ጥፋቱ ከብየዳው በፊት የተቀባው ፍላክስ የሚባለው ቅባት ነው። ፍላክስ መዳቡን ለብየዳ የሚያጸዳው ገጹን ስለሚበላው ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ካልታጠበ መብላቱን ይቀጥላል፣ እርጥበት ሲያገኝም አረንጓዴ ጨው ያወጣል። እኛ የውሃ መስመር ስንበይድ ውስጥ የተረፈውን ፍላክስ ውሃው ራሱ ጠርጎ ይወስደዋል። ባንቺ ቧንቧ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ የለም፤ ስለዚህ የውጪውን ብቻ ሳይሆን የውስጡንም በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቢው፣ አለቅልቂው፣ ዘቅዝቀሽም አድርቂው።

ለነጠላው የሎሚ ጭማቂና ጨው ተጠቀሚ። አሲዱ የመዳቡን ጨው ያሟሟዋል። እድፉ ላይ ብቻ አድርጊ፣ ጥለቱን እንዳይነካ ተጠንቀቂ፣ ጥቂት ቆይተሽ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂ፤ ካልለቀቀ ድገሚው። በረኪና እንዳታስጠጊ።

ቀይ ጽሑፉ በአሴቶን ይለቃል፤ መስኮት ከፍተሽ፣ ከእሳት ርቀሽ። ደግሞም ያ ቀለም የሚነግርሽ ነገር አለ። በአሜሪካ ቀይ የታተመበት «ኤም» የሚባለው ስስ ቧንቧ ነው፤ ሰማያዊ የታተመበት «ኤል» ወፈር ይላል። የውጪ ስፋታቸው ግን አንድ ስለሆነ ያው ጎሚቶ ለሁለቱም ይገባል። ግማሽ ኢንች የሚባለው ቧንቧ ውጪው ሲለካ 5/8 ኢንች ነው፤ ባለ 3/4ቱ ደግሞ 7/8 ኢንች። የዚህ ሙያ ልኬት ስሙና አካሉ አይገጥምም፤ ቀዳዳ ከመብሳትሽ በፊት ቧንቧውን ራሱን ለኪው።

ለመርገቡ መፍትሔው ወፍራም ግድግዳ ሳይሆን ሰፊ ቧንቧ ነው። ስሱ ባለ 3/4 ከስሱ ባለ ግማሽ ይልቅ መጉበጥን ሦስት እጥፍ ያህል ይቋቋማል፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ግን የግድ ነው። መወዛወዙ ደግሞ ከታች ማሰሪያ ስለሌለው ነው። ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ ሁለቱን ቋሚዎች በአንድ አግድም ቧንቧ አገናኚ፤ በየጎኑ አንድ ቲ ትጨምሪያለሽ።

ብየዳው ላይ አንድ ነገር አሳስቦኛል፤ ከጎረቤት የተዋስሽው ሽቦ ምን ዓይነት ነው? በአሜሪካ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት መበየጃ ለመጠጥ ውሃ መስመር የተከለከለው በ1986 ነው፤ አሮጌ ጥቅል ግን በየጋራዡ እስከ ዛሬ ይገኛል። እናትሽ በየቀኑ የሚነኩት ዕቃ ስለሆነ ከእርሳስ ነጻ የሚል ጽሑፍ ያለበትን አዲስ ግዢ። ስትበይጂ እሳቱን ሽቦው ላይ ሳይሆን ቲው ላይ አድርጊ፤ መዳቡ ሲግል ሽቦውን በሌላው ወገን ስታስነኪው ራሱ ቀልጦ ወደ ክፍተቱ ይሳባል። ደጅ ብቻ፣ አጠገብሽ ባልዲ ውሃ ይዘሽ። ውሃ የማይሄድበት ዕቃ ስለሆነ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ማጣበቂያም ይሆናል፤ ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ ከሆነ ይይዛል። ለሚገፋና ለሚጎተት እግር ግን እኔ ብየዳን እመርጣለሁ።

ጥለት ወዳድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ጥቅሉን አየሁት፤ በመጋዘን ብዙ ዓመት የቆየ ነው፣ ጽሑፉም ተላልጧል። ዛሬውኑ መልሼዋለሁ፤ በእሱ የተበየደውንም ቆርጬ ጥያለሁ። በጎሚቶው ጫፍ ፍላክሱ ደርቆ እንደ ማር ጠብታ ተንጠልጥሎ አገኘሁት፤ ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል። እዚያው ላይ ነው ነጠላው ያደረው። እርስዎ ባይነግሩኝ መዳቡን ስወቅስ እኖር ነበር።

ሰምና እሳት (አዲስ አበባ)

እኛ ዘንድ ለቤት ውሃ የሚዘረጋው የብረት ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ ስለሆነ መዳብ የምናገኘው ከፍሪጅና ከኤር ኮንዲሽነር ጠጋኞች ነው፤ እንደ ገመድ የተጠቀለለ፣ ለስላሳ። እኔ የራስጌ መብራት ሠርቼበታለሁ። ጥቅሉን ሲሚንቶ ወለል ላይ ዘርግቼ፣ ጣውላ ጭኜበት በማንከባለል አቃናሁት፤ ስቆለምመው እንዳይሰበር ደግሞ ደረቅ አሸዋ ሞላሁበት። ከቁራሌው የተገኘ አሮጌ ቱቦ ከሆነ ውስጡ ዘይት አለው፤ ጋዝም ሊቀርበት ስለሚችል ሳይታጠብ እሳት እንዳይነካው፤ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው።

ለቀለሙ የተጠቀምኩት የንብ ሰም ነው። መዳቡን በሎሚና በጨው አጽድቼ፣ አጥቤ አደረቅሁት፤ ለብ እስኪል ፀሐይ ላይ አቆየሁትና ሰሙን በስሱ ቀብቼ በጥጥ ጨርቅ ወለወልኩት። መስታወት አይመስልም፣ ለዓይን ግን ደስ ይላል። በየጥቂት ወሩ ይታደሳል። እህቴ፣ ነጭ ሸማ ለሚነካው ክፍል ግን ሰሙን አልመክርሽም፤ ለእግሮቹና ለቋሚዎቹ ይሁን።

መብራት ልሥራ የሚል ካለ፦ የእኛ ቤት 220 ቮልት ነው፣ መዳብ ደግሞ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ገመዱን እንዳይልጠው በሞረድ ይለስልስ፣ ጎማ ይግባበት፣ አካሉም ከመሬት መስመር ጋር ይታሰር። ይህን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳይቼ ነው የሰካሁት።

ዋንዛ (ቶሮንቶ)

እኔ አናጢ ነኝ። የላይኛው አግድም ለምን መዳብ ይሆናል? ነጠላ የሚሰጣው እሱ ላይ ነው፣ ማንጠልጠያ የሚፈገፍገውም እሱን ነው፤ ምንም ቢቀባ ይላጣል። ለቁም ሣጥን ተብሎ የሚሸጠውን 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክብ እንጨት ግዢ። ከሁለቱ ጫፎች 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለሽ፣ ከሥር ወደ ላይ፣ 20 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው የ7/8 ኢንች ቀዳዳ ብሺ፤ ወዲያ ማዶ እንዳይወጣ። ባለ 3/4ቱ ቋሚ ቧንቧዎች ቀዳዳው ውስጥ ይቆማሉ፣ በኢፖክሲ ይጣበቃሉ። ጎሚቶው ይቀራል፣ ከላይ ብየዳ የለም፣ ፍላክስም የለም። ከመብሳትሽ በፊት ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሪው። እንጨቱን ቀለም በሌለው ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ቀብተሽ መሽተቱን እስኪተው አድርቂ።

ጥለት ወዳድ (ከ16 ቀን በኋላ)

ተሠርቶ አለቀ። ቋሚዎቹ ባለ 3/4 ናቸው፣ ከሥር ማሰሪያ አለው፣ ከላይ እንጨት። ስድስቱን መገጣጠሚያ ደጅ በይጄ፣ በገንዳ ውስጥ አጥቤ፣ ውስጣቸውን በጠርሙስ ብሩሽ አሸሁ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ጠበበኝ፤ ቧንቧው እስኪገባ በብርጭቆ ወረቀት ማስፋት ነበረብኝ። የጣት አሻራ መዳቡ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ጠቁሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ሰሙን የቀባሁት ጓንት አድርጌ ነው።

የነጠላው እድፍ በሦስተኛው ሎሚ ለቀቀ። በቀኝ በኩል ብቻ፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት፣ ቀጭን ጥላ ቀርቷል። እናቴ የአባቴን ጋቢ ከሁሉ በፊት በግራው ጫፍ ሰቀለች፤ ቀሚሶቹን ደግሞ በበዓላቸው ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። ዘጠኝ ልብስ ተሸክሞ አልረገበም።

ከባለ ግማሹ ኢንች ያልተበየደ 95 ሴንቲ ሜትር ተርፎኛል። የወጥ ቤቱ መስኮት 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለስስ መጋረጃ ዘንግ ይበቃ ይሆን፣ ጋሼ?

ቧንቧ ሠራተኛው

ለስስ መጋረጃ ይበቃል። ከምድጃው በላይ ከሆነ ግን በየሳምንቱ ቅባቱን ጥረጊው።