«እንደ አሸን ፈሉ» ስንል በዙ ማለታችን ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሥነ ምህዳር የሚያወራ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር የገባሁበት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

አንደኛው ችግር «ፖፑሌሽን» ነው፤ በአንድ ቦታ የሚኖሩ የአንድ ዝርያ ፍጥረታት በሙሉ ማለት ነው። «የአይጥ ሕዝብ» ብዬ ጻፍኩና ብቻዬን ሳቅሁ። አይጦቹ ምርጫ ሊያካሂዱ ነው እንዴ! «የአይጥ መንጋ» አልኩ፤ እሱም አልጣመኝም። ቀጥሎ፣ በአንድ ወቅት ስለበዙ ነፍሳት «እንደ አሸን ፈሉ» ብዬ ነበር። ጽሑፉን ያየችልኝ ጓደኛዬ በቀይ አሰመረችበትና «መቼ በዙ? ወጡ እንጂ» ብላ ጻፈችበት። «ውድድር» የሚለውም ቅር ብሎኛል፤ ምክንያቱን ግን ማስረዳት አልቻልኩም። አንድ ቦታ ሊያኖር የሚችለውን ብዛት የሚሉበት «የመሸከም አቅም» ደግሞ የጭነት መኪና ነው የሚመስለው። ምን ትላላችሁ?

ቃል አሳዳጅ፦

ጓደኛህ ልክ ናት፤ ቀዩን እስክሪብቶ አትቀማት።

አሸን ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው ግር ብሎ የሚወጣው ክንፋም ነፍሳት ነው። ክንፋሙን ምስጥ አስበው። ትናንት አንድም አልነበረም። ዛሬ አየሩ ሞልቷል። ሲመሽ መሬቱ ላይ የረገፈ ክንፍ ብቻ ታያለህ። ግን እነዚያ ሁሉ ምስጦች በዚያች ቀን አልተወለዱም። ኩይሳው ውስጥ ቀስ ብለው አድገው፣ ዝናቡን ጠብቀው ነው የወጡት። ጥንድ ጥንድ ሆነው ጎጆ ሊወጡ ነው። «ፈላ» የሚለው ግስ እንግዲህ የሚነግረን ስለ ምስጡ ሳይሆን ስለ ዓይናችን ነው። ድንገት ታየን፣ በቃ።

የአንድ ቦታ ብዛት የሚለወጠው በአራት ግሶች ብቻ ነው፦ ተወለደ፣ መጣ፣ ሞተ፣ ሄደ። አሸን «ሄደ» ውስጥ ነው ያለው።

እውነተኛው መብዛት ደግሞ ዓይን አይሞላም። ከተመቻት በየ20 ደቂቃው ለሁለት የምትከፈል አንዲት ባክቴሪያ ውሰድ። ምግብም ቦታም ካላነሳት በ10 ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜ እጥፍ ትሆናለች። ድምሩ 1,073,741,824 ይሆናል። ከማለቂያው 20 ደቂቃ በፊት ግን ገና ግማሹ ነበረ። ከሁለት ሰዓት በፊት ብታይ ከስልሳ አራት አንድ እጅ ብቻ ነው። ያኔ ማንም «ፈላ» አይልም። ለዚህ «እጥፍ በእጥፍ» የሚል ጥሩ አማርኛ አለን።

ሕዝብን በተመለከተ፣ ሳቅህ ቸኩሏል። «ፖፑሌሽን» ራሱ «ፖፑሉስ» ከሚል የላቲን ቃል ነው የመጣው፤ ትርጉሙም ሕዝብ ነው። እነሱ ቃሉን ለአይጥ ሲያውሱት ያልሳቁትን እኛ ምን አሳቀን? መንጋ ግን አይሆንም። መንጋ አብሮ የሚሄድ ነው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ያሉ የአንድ ዝርያ ዓሦች ዕድሜ ልካቸውን ሳይተያዩ ቢኖሩም አንድ ፖፑሌሽን ናቸው።

የመስክ ሰው፦

ሥራዬ እንስሳት መቁጠር ነው። ማለቴ፣ ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው። እውነቱን ለመናገር አንድም ቀን ቆጥሬ አላውቅም፤ የምገምት ሰው ነኝ። ስለዚህ እባክህ «ቆጠራ» የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርገህ ያዘው።

ዛፍ ይቆጠራል፤ ቆሞ ይጠብቅሃል። አይጥ ግን አይጠብቅም። የምናደርገው ይኸውልህ። እንበል 50 አይጥ ይዘን፣ ምልክት አድርገን ለቀቅን። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና 60 ያዝን፤ ከእነሱ ውስጥ 12ቱ ምልክት አላቸው። ከተያዙት አንድ አምስተኛው የእኛ ምልክት ካለበት፣ 50ዎቹም ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ገደማ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ወደ 250 አይጥ አለ። ዴንማርካዊው ፔተርሰን በ1896 እ.ኤ.አ. ለዓሣ፣ አሜሪካዊው ሊንከን ደግሞ በ1930 ለዳክዬ ተጠቅመውበታል። ዘዴው እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል።

ጉዱ ያለው አይጧ ጠባይ ላይ ነው። አንዳንዷ አንዴ ከተያዘች ወዲያ ወጥመዱን ከሩቅ ትሸሸዋለች። ሌላዋ ደግሞ ማባበያው ይጣፍጣታል፤ በሦስት ሌሊት ሦስቴ የያዝኳት ነበረች፤ ስከፍትላት እንኳ ለመውጣት አልቸኮለችም። እኛ አንዷን «ወጥመድ ሸሽ»፣ ሌላዋን «ወጥመድ ለማዳ» እንላለን። ሸሽዎቹ ከበዙና ከ60ዎቹ ምልክት ያላቸው 6 ብቻ ከሆኑ ስሌቱ 500 ይላል። ለማዳዎቹ በዝተው 30 ከሆኑ ደግሞ 100። ሜዳው ያው ሜዳ፣ አይጡ ያው አይጥ። ስለዚህ «ተቆጠሩ» አትበል፤ «ተገመቱ» በል።

ሌላም ልጨምር፦ ብዛትና ጥግግት ይለያያሉ። 250 አይጥ በአንድ ሄክታርና 250 አይጥ በመቶ ሄክታር፣ ብዛቱ አንድ ነው፤ ኑሮው ግን ለየቅል።

አንቀጽ በአንቀጽ፦

እኔ «ውድድር» ላይ ነኝ። ቅር ያለህ ወደህ አይደለም። ውድድር መነሻ አለው፣ ዳኛ አለው፣ አሸናፊ አለው። ሁለት ችግኝ ጎን ለጎን በቅለው ብርሃን ሲፈልጉ ማን ዳኛቸው? ባለሙያዎቻችን እኮ ድሮ ፈትተውታል፤ «አረሙ ከሰብሉ ጋር ውኃ ይሻማል» ይላሉ። ሽሚያ!

ሻሞ የተጫወተ ያውቀዋል። የሚበላው ነገር ይበተናል፤ ሁሉም ይረባረባል። ማንም ማንንም አይመታም፤ ሌላው የወሰደው ግን ለአንተ የለም። አውስትራሊያዊው ኒኮልሰን በ1950ዎቹ ዝንብ ሲያረባ ያየው ይህንኑ ነው። የተወሰነ ሥጋ ላይ የዝንብ እጭ (ገና ትል የሆነው) ሲበዛ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይበላል፤ ለአንዱም አይበቃውም፤ ዝንብ ለመሆን የሚደርስ እስኪጠፋ ድረስ ያልቃሉ። እኩል ተካፍሎ እኩል መራብ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ይዞታ ያለበት ነው። ወፉ ቅርንጫፉ ላይ ቆሞ ይዘምራል፤ «ይህ የእኔ ነው» ማለቱ ነው። የያዘ ሙሉውን ይበላል፤ ያልያዘ ዳር ዳር ይላል። ባለይዞታው የሞተ ዕለት ሌላው ከየት መጣ ሳይባል ቦታውን ይይዛል። እነዚህን ቦታ አልባ ወፎች እንግሊዝኛው «ተንሳፋፊ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። እኔ ብሆን «ደጅ ጠኚ» እላቸው ነበር። ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው ያምጣ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሽሚያ፣ ሁለተኛውን ፉክክር ብትለው ይለያል። ውድድርን ለእግር ኳስ ተውለት።

ፊደል ቆጣሪ፦

«ደጅ ጠኚ» ገድሎኛል! ወስጄዋለሁ።

ግን የመሸከም አቅምን ማንም አልነካልኝም።

የመስክ ሰው፦

ቃሉ እኔንም አይመቸኝም። «መሸከም» ሲባል መሬቱ ጀርባ ያለው፣ ልኩም የማይነቃነቅ ይመስላል። በተግባር ልኩን የሚወስነው ምግብ ነው፣ ውኃ ነው፣ መጠለያ ነው። እሱም ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ተበልቶም ይቀንሳል።

አንድ ታሪክ ላውጋህ። በ1944 የአሜሪካ ባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች በቤሪንግ ባሕር ውስጥ ወዳለችው ቅዱስ ማቴዎስ ደሴት 29 ሬይንዲሮች ወሰዱ። የበረዶ አገር አጋዘን በላቸው። ተኩላ የለ፤ ደሴቲቱ ሙሉ ድንጋይና መሬት ላይ ተለጥፎ በሚያድገው በድንጋይ ሽበት (ላይከን) የተሸፈነች ነበረች። በ1957 ወደ 1,350 ደረሱ። በ1963 ወደ 6,000። የክረምት ቀለባቸው የሆነው ሽበት ግን አዝጋሚ ነው፤ አንዴ ከተጋጠ ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ከዚያ የ1963 እና 64 ከባድ ክረምት መጣ። በ1966 ሰዎች ተመልሰው ሲያዩ 42 ብቻ ቀርተዋል። ከእነሱም 41ዱ ሴት ናቸው። ቆይቶ አንድም አልቀረም።

እነዚህ አጋዘኖች ልኩን ማለፍ ብቻ አይደለም ያደረጉት፤ ልኩን ራሱን በልተውታል። «የመሸከም አቅም አለፈ» ብትል ይህ አይሰማም።

ቃል አሳዳጅ፦

አያቶቻችን በዚህ ጊዜ «መሬቱ አልቻላቸውም» ነው የሚሉት። «ቻለ» ሁለቱንም ይዟል፤ አቅምንም ትዕግሥትንም። «የመቻል ልክ» ብንለውስ? ትንሽ ያንከረፍፋል፣ አውቃለሁ።

አንቀጽ በአንቀጽ፦

ያንከረፍፋል። እኔ «የቦታው ልክ» ብዬ አልፈው ነበር። ደግሞ ብዛት ሁልጊዜ ጠላት ተደርጎ እንዳይጻፍብን። በጣም ሲያንሱም ይጠፋሉ፤ የትዳር አጋር አይገኝም፣ ጠላት የሚጠብቅ ዓይን ይጎድላል። ኣሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1930ዎቹ መርዝ ያለበት ውኃ ውስጥ ወርቃማ ዓሦችን ሲያስቀምጥ፣ በቡድን የነበሩት ብቻቸውን ከነበሩት በላይ ቆይተዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እኮ ነው። የኣሊ ውጤት ይሉታል።

ፊደል ቆጣሪ፦

እሺ፣ አረፍተ ነገሩን እንዲህ አደረግኩት፦ «ነፍሳቱ ለሦስት ዓመት እጥፍ በእጥፍ ሲበዙ የታዘበ አልነበረም፤ በአራተኛው ዓመት ዝናብ ጣለና እንደ አሸን ፈሉ።» ጓደኛዬ አየችው። ቀይ መስመር የለም። ዳር ላይ ግን በእርሳስ «ማን ገመተው?» ብላ ጽፋለች።