ማልታ ነን፤ ለነገ የያዝነው የኮሚኖ ጀልባ ተሰረዘብን፤ ምን ይሻለናል?

ቤዛ ዘፍራንክፈርት
ሰላም ለሁላችሁ፣ ማልታን የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለነገ ኮሚኖ በምትባለው ደሴት ወዳለው ሰማያዊ ውኃ፣ ወደ ብሉ ላጉን የሚወስደን ጀልባ ይዘን ነበር፤ አሁን ማታ «በነፋስ ምክንያት ቀርቷል፤ ወይ ቀን ቀይሩ ወይ ገንዘባችሁን ውሰዱ» የሚል መልእክት ላኩብኝ። ልጆቹ ከቤት ከወጣን ጀምሮ «ሰማያዊው ውኃ፣ ሰማያዊው ውኃ» እያሉ ነው። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት። ቅዳሜ እንመለሳለን። ስልኬ ላይ ደግሞ ነገ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው የሚለው! የሚወስደን ሌላ ጀልባ አለ? ከሌለስ ነገ የት እንሂድ? ዛሬ ማታ መወሰን አለብኝ።

ናቲ ስቶክሆልም
ጎዞ ደሴት ሂዱ። አትቆጪበትም።

የሚካኤል እናት
እናትሽ ስንት ጊዜ በሚያስገባ ቪዛ ነው የመጣችው? አንዴ ብቻ ከሆነ ወደ ጀርመን ስትመለሱ ችግር እንዳይገጥማችሁ። አደራ!

ሄኖክ ዲሲ
ማልታ እኮ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ እንደ ጀርመን ሁሉ በአንድ ቪዛ የሚዞሩበት ሸንገን ውስጥ ናት። ችግር የለውም፤ ፓስፖርቷን ትያዝ፣ በቃ። ሴትዮዋን ባልጠየቀችው አታስደንግጧት።

መምህር ዘሮም
እህቴ ቤዛ፣ በነፋሱ አታማርሪ። ያለሽበት ደሴት በመጽሐፍ ቅዱሳችን መላጥያ ተብላ የተጻፈችው ናት። ሐዋርያው ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ በዐውሎ ነፋስ ተሰባብሮ፣ የተሳፈሩት 276 ነፍስ በሙሉ በሰላም ወደ ምድር የወጡት እዚያ ነው። እፉኝት እጁን ነድፋው ምንም ያልሆነውም እዚያው። የሐዋርያት ሥራ 27 እና 28ን ዛሬ ማታ ለልጆቹ አንብቢላቸው። ብዙ ዘመን ቆይቶ ደግሞ በ1530 የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉት የካቶሊክ ወታደር መነኮሳት ደሴቲቱን ከንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 5ኛ ተቀበሉ፤ ግብራቸው በዓመት አንድ ጭልፊት ነበር። በ1565 ቱርኮች ከበቧቸው፤ አልተሳካላቸውም። በዓመቱ ዋና ከተማዋ ቫሌታ ተቆረቆረች፤ ስሟም ከፈረሰኞቹ አለቃ ከዣን ደ ቫሌት የተወሰደ ነው። ይቀጥላል…

ቡና በጨው
ሃሃሃ መምህር፣ እሷ የነገ ጀልባ ቀረብኝ ትላለች፣ እርስዎ የተሰበረ መርከብ ይተርኩላታል። ምነው!

ሐምሩን ሰፈር
እህቴ ሰላም፣ እኔ እዚሁ ማልታ ነው የምኖረው። ዋና ዋናውን አልነገርሽንም። ያረፋችሁት የት ነው? ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ነፋሱስ ከየት በኩል ነው? እዚህ አገር በዚህ ወቅት ጀልባ የሚያስቀረው ዝናብ አይደለም፤ ፀሐዩ አናት እየበሳም ነፋስ ካለ ባሕሩ ይቆጣል። «ሌላ ጀልባ» የሚለውን ግን ተዪው። አንዱ ከሰረዘ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ይሰርዛሉ፤ «እኔ እወስዳችኋለሁ» የሚል ከተገኘ ደግሞ እሱን ነው መፍራት።

ሄኖክ ዲሲ
እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሚኝ። ብሉ ላጉን ምን ያደርግላችኋል? በነሐሴ ፀሐይ እናትን ይዞ ወደ ኮሚኖ! ደሴቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ስኩዌር ብትሆን ነው፤ ጥላ የሚሆን ዛፍ እምብዛም የለም፣ የሚረገጠው ሁሉ ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ብሉ ላጉን ላይ ሰው በአንድ ጊዜ ከ4000 እንዳይበልጥ ተብሎ በቀጠሮ ሆኗል፤ እሱም ቢሆን ትከሻ ለትከሻ ነው። ፎቶው ላይ የምታዪው ባዶ ውኃ ማንም ሳይነሳ በማለዳ የተነሳ ነው። እግዜር አተረፋችሁ።

ቤዛ ዘፍራንክፈርት
ወንድሜ ሄኖክ፣ ልጆቼን አንተ መጥተህ አስረዳልኛ! ታሪክም ምክርም አላጣሁም፣ ለነገ መላ ነው ያጣሁት። ያረፍነው ቡጂባ ነው። ትንሹ 4፣ ትልቋ 9 ዓመቷ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ረጅም ደረጃ አትችልም። የፍልሰታን ጾም ይዛለች። ነፋሱ ስልኩ ላይ «ሰሜን ምዕራብ» ይላል። መኪና አልተከራየንም።

ትርሲት ለንደን
ሃይፖጂየም የሚባለውን ከመሬት በታች ያለውን የጥንት መቃብር ሂዱና እዩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም።

ሐምሩን ሰፈር
ትርሲት፣ እሱ በቀን የሚያስገባው ጥቂት ሰው ስለሆነ ቲኬቱ ከወራት በፊት ያልቃል፤ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅም አያስገባም። ትንሹ 4 ነው አለች እኮ።

ቤዛ፣ አሁን ገባኝ። የሰሜን ምዕራቡን ነፋስ እዚህ ማይስትራል ይሉታል። እሱ ሲነሳ ጎልደን ቤይ፣ አይን ቱፊሃ እና ጅኔይና ፊታቸውን የሰጡት ወደ እሱ ስለሆነ ማዕበሉ በቀጥታ ይመታቸዋል። ሆቴሉ «ቆንጆ አሸዋ አለ» ብሎ ወደ እነሱ ቢልካችሁ ነገ እሺ እንዳትዪ። መዋኘት ካማራችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ጫፍ ውረዱ፤ ደሴቱ ራሱ ይከልላችኋል። ቢርዘቡጃ ላይ ፕሪቲ ቤይ አለ፤ አሸዋ ነው፣ ውኃው ከዳር ጥልቅ አይደለም፣ ለ4 ዓመት ልጅ ተስማሚ ነው። ፊት ለፊት የወደብ ክሬን ተገትሯል፣ ለፎቶ አይሆንም። የኔ ልጆች ግን ከውኃው ይልቅ ክሬኑን ነው የሚወዱት። ሴንት ፒተርስ ፑል የሚባለውን ይነግሩሻል፤ ቋጥኝ ብቻ ነው፣ ለእናትሽ አይሆንም።

እኔ ብሆን ግን ነገን ለቫሌታ አደርገው ነበር፤ ምክንያቱም ከነገ ወዲያ ኦገስት 15 ነው፣ በዓል ነው፣ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ለጎብኚ ዝግ ይሆናል። ጠዋት እሱን ግቡ። ከውጭ ምሽግ ይመስላል፤ ውስጡ ወርቅ በወርቅ ነው፣ ወለሉ በሙሉ የፈረሰኞቹ መቃብር ነው። ካራቫጆ በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት ሲቆረጥ የሚያሳየው ትልቁ ሥዕል እዚያ ነው፤ ሠዓሊው ስሙን የጻፈበት ብቸኛው ሥራው ይኸው ነው፣ የጻፈውም ከሥዕሉ ደም ላይ ነው። ትከሻና ጉልበት ሸፍኑ ይላሉ፤ እናትሽ በነጠላዋ ችግር የለባትም፣ ለራስሽ አስቢ። ከዚያ አፐር ባራካ መናፈሻ ሂዱ፤ ቅርብ ነው። በ6 ሰዓት መድፍ ይተኮሳል፣ ልጆቹ ይወዱታል።

ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው። ከመናፈሻው ወደ ወደቡ የሚያወርድ ሊፍት አለ፤ ደረጃ የለም። ታች ዳይሳ የሚባሉ ቀለም የተቀቡ ትንንሽ ጀልባዎች በጥቂት ዩሮ ወደ ማዶው ወደ ቢርጉ ያሻግራሉ። ታላቁ ወደብ በምሽግና በውኃ መስበሪያ ግንብ የተከለለ ስለሆነ ውጭው ባሕር ሲናወጥ እሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል። ልጆቹ ጀልባ ካሉ፣ ይኸው ጀልባ።

ቤዛ ዘፍራንክፈርት
እግዜር ይስጥልኝ!! መድፉ ግን ጠዋት በ6 ነው? ያኔ እንዴት እንደርሳለን?

ቡና በጨው
በሀበሻ 6 ነው እህቴ፤ በእነሱ 12። ከቀትር በፊት ድረሱ። ጠዋት በ6 መድፍ የሚተኩሱ ቢሆን ማን ተኝቶ ያድራል?

ሐምሩን ሰፈር
ልክ ነው፣ ቀትር ላይ ነው። ካመለጣችሁ በእነሱ 4 ሰዓት ከሰዓትም ይተኮሳል።

ሳምሪ
ጎዞ ብትሄዱስ? ትልቁ መርከብ በነፋስ ቶሎ አይቀርም።

ናቲ ስቶክሆልም
ብያለሁ እኮ፣ ከላይ እዩ። የመጀመሪያው መልስ የእኔ ነው።

ሳምሪ
አንተ «ሂዱ» ብቻ ነው ያልከው፤ በምን ይሂዱ? ቤዛ፣ ከቡጂባ 221 ቁጥር አውቶቡስ ቺርኬዋ ወደብ ያደርሳችኋል። በሞቃቱ ወራት ዋጋው 2.50 ዩሮ ነው፣ ሁለት ሰዓት ያገለግላል። ከዚያ መኪና የሚጭነው ትልቁ መርከብ በግማሽ ሰዓት ጎዞ ያደርሳል፣ ሌሊትም አያቋርጥም። ስትሄዱ አትከፍሉም፤ ስትመለሱ ነው 4.65 ዩሮ የምትከፍሉት። ከቫሌታ የሚነሳ ፈጣን ጀልባም አለ፣ እሱ ግን ነፋስ አይችልም። ደርሳችሁ አዙር ዊንዶው የሚባለውን የድንጋይ መስኮት እዩ፣ ድዌይራ ላይ ነው።

ሄኖክ ዲሲ
ሃሃሃ ሳምሪ፣ ድንጋዩ በማርች 8 ቀን 2017 ወድቆ ባሕር ገብቷል! በመስኮቱ ፋንታ አየር ታያለች?

ሳምሪ
ኧረ በናትህ! እኔ የሄድኩት በፊት ነው። በሉ ድዌይራን ተዉት። ጅጋንቲያ ግን አለ፣ ከግብጽ ፒራሚዶች የሚቀድም የድንጋይ ቤተ መቅደስ ነው፣ እሱ አይወድቅም።

የሚካኤል እናት
ለእናትሽ ጎዞ ያለችው ታ ፒኑ ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1883 ካርምኒ ግሪማ የምትባል የገጠር ሴት በዚያ በነበረው ትንሽ ጸሎት ቤት በኩል ስታልፍ የእመቤታችንን ድምፅ ሰማች ይላሉ። ክፍሎቹ ስለት የደረሰላቸው ሰዎች ባመጡት ነገር ተሞልተዋል፤ የሕፃን ልብስ፣ ክራንች፣ የሞተር ብስክሌት ቆብ ሳይቀር። ካቶሊክ ቢሆኑም እናቴ እዚያ ገብታ ማስወጣት አቃተን።

መምህር ዘሮም
ስለ እመቤታችን ካነሣችሁ ይህን ልጨምር። ኦገስት 15 ለእነርሱ የፍልሰታዋ በዓል ነው፤ ለእኛ ገና ነሐሴ 9፣ ጾሙ አልተፈታም። ሳንታ ማሪያ ይሉታል። ሞስታን ጨምሮ ሰባት አጥቢያዎች በአንድ ቀን ያነግሣሉ፤ ሥዕለ አድኅኖ ሳይሆን ሐውልቷን በትከሻ ተሸክመው በማርሽ ባንድና በርችት ያዞራሉ። የሞስታን ክብ ቤተ ክርስቲያን በኤፕሪል 9 ቀን 1942 የጀርመን ቦንብ ጉልላቷን በስቶ ሕዝቡ መሐል ወደቀ፤ ሳይፈነዳ ቀረ። በዚያው ዓመት ደሴቲቱ በረሃብ ልትማረክ ስትል ነዳጅ የጫነችው ኦሃዮ የተባለችው መርከብ፣ በቦንብ ተመትታ በሌሎች መርከቦች ተደግፋ ወደብ የገባችው በዚሁ በኦገስት 15 ነው።

ቡና በጨው
መምህር ይቺኛዋ ጥሩ ናት፣ ከነርዕሷ ትያዝልን። ሞስታ ከቡጂባ ቅርብ ነው አይደል?

ሐምሩን ሰፈር
ቅርብ ነው። ለ15 ማታ ከሞስታ የተሻለ የለም። መንገድ ስለሚዘጋ ለመመለሻ ግን ቀድማችሁ አስቡበት። ለ15 ጎዞን አልመክርም፤ ማልታ በሙሉ በዚያን ቀን ወደዚያ ነው የሚተመው።

ትርሲት ለንደን
ለጾመኛዋ ምን ይበላል? ዓሣ ብቻ ነው እዚያ ያለው።

ቡና በጨው
ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን እዚህ አትክፈቱት፣ እስከ ሌሊት አንጨርሰውም።

ሐምሩን ሰፈር
አይራቡም። ቢጂላ አለ፤ የባቄላ ነው፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተለወሰ፣ እናትሽ ስልጆ ነው ትላለች። ዳቦ በዘይትና በቲማቲም የሚቀባ አለ፤ ቱና ስለሚጨምሩበት «ያለ ቱና» በሉ። ፓስቲዚ የሚባለውን ትኩስ ነገር «የአተር» ብለው ቢሰጧችሁም ሊጡ ውስጥ ሞራ ወይም ቅቤ ሊኖር ስለሚችል ሳትጠይቁ ለእሷ አትስጡ። ለልጆቹ ግን ግዙላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ባሕር ዳር ቀይ ባንዲራ ካያችሁ ልጆቹ ጉልበታቸው ድረስ እንኳ አይግቡ። ሁለት ቀይ ከሆነ ጭራሽ መግባት ክልክል ነው። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት ከሊቢያ በዚሁ ባሕር ላይ ነው፤ ስለዚህ ነገር አልቀልድም።

ቤዛ ዘፍራንክፈርት
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ። እናቴ መልሱን ሳነብላት «ሞስታ ሳልሄድ አልመለስም» ብላለች። ነገ ቫሌታ፣ ዓርብ ሞስታ። ግን ትልቋ አኩርፋ ተኝታለች። ለዓርብ ጠዋት ኮሚኖን ይቀይሩልኝ ይሆን?

ሐምሩን ሰፈር
ነፋሱ ከበረደ ይሄዳሉ። ቀኑን ሲቀይሩልሽ ግን የብሉ ላጉን መግቢያ ቀጠሮሽ የነገ እንደሆነ አትርሺ፤ ለዓርብ እንደ አዲስ ያዢ። ነጻ ነው፣ ኪውአር ኮድ ይልኩልሻል። ጀልባው ወስዶሽ መግቢያ ከሌለሽ ዋጋ የለውም። ቦታ ከሌለ ቀን አትቀይሪ፣ ገንዘብሽን ጠይቂ፤ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ መልእክቱንም አታጥፊው።

ናቲ ስቶክሆልም
ወይም ጎዞ።

ሄኖክ ዲሲ
ናቲ!

ሊያ ቴልአቪቭ
ቤዛ እንዴት ሆነላችሁ? እኛም ለመስቀል ሰሞን ማልታ ልንመጣ ነው። በዚያ ጊዜም ነፋሱ እንዲህ ነው? የኮሚኖውን ቀጠሮ አሁን ልያዝ ወይስ እዚያ ስደርስ?

ሳምሪ
ቤዛ ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለችም።

ሐምሩን ሰፈር
ሊያ፣ ለመስቀል ሰሞን ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፣ ሰውም ይቀንሳል። ነፋሱን ከሁለት ቀን በላይ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ለኮሚኖ የመጨረሻውን ቀን አትስጪው፣ እንደ ደረሳችሁ አድርጊው፣ ቢቀር ሌላ ቀን ይኖርሻል። ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?